ጣይባ ለሻጋታ ስትደግስ

ጎረቤቴ ጣይባ በደሴ የታወቀች የሠርግ ወጥ ሠሪ ነበረች። ዛሬ የምታበስለው ለሻጋታ ነው። ይህን ስናገር የሚስቅብኝ ሰው ብዙ ነው፤ ይሳቅ። እኔም መጀመሪያ የሰማሁ ቀን እንባዬ እስኪፈስ ስቄ፣ እሷም ተቀይማኝ በደጄ ባለፈች ቁጥር ፊቷን ታዞርብኝ ነበር። እኛ የቧንቧ ውሃ ሰፈር ሰዎች ግን ተኳርፈን አንዘልቅም፤ አጥራችን አንድ፣ ሐሜታችንም አንድ ነው። ስሜ የኔነሽ ይባላል፣ ልብስ ሰፊ ነኝ። ከምነግራችሁ ውስጥ ገሚሱን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ገሚሱን ጣይባ ራሷ ከስፌት መኪናዬ አጠገብ ተቀምጣ ነግራኛለች። የጨመርኩበት ነገር ካለ ጨው ብቻ ነው።

በእኛ አገር ሠርግ ማለት ሁለት ወጥ ቤት ማለት ነው። ክርስቲያን ሲድር ለእስላሙ ዘመድና ጎረቤት ለብቻው ይታረዳል፣ በሌላ ድስት ይሠራል። እስላም ሲድርም ለክርስቲያኑ እንዲሁ ነው። ጣይባ የእስላሙን ድስት ይዛ በስንትና ስንት የክርስቲያን ሠርግ ላይ ቆማለች። ድስቶቿን የምትለየው እጀታቸው ላይ ነጭ ክር አስራ ነበር፤ ክሩን የምሰጣት እኔ ነኝ። አንድ ጊዜ የሙሽራው አጎት ሞቅ ብሎት፣ ከወዲያኛው ድስት ያወጣውን ጭልፋ ወዲህኛው ውስጥ ሲነክር አየችው። ከእሷ በቀር ያየ ሰው አልነበረም፤ ዝም ብትል ያ ቀን በሰላም ባለፈ ነበር። እሷ ግን ያን የሚያህል ድስት አስደፍታ፣ እንግዳው እያጉረመረመ እንደገና አሳርዳ እንደገና ሠራች። «ምን አስጨነቀሽ?» ቢሏት «አምኖኝ የተቀመጠን ሰው ሆድ አልሰርቅም» አለች።

ሌላም ሕግ ነበራት። በሃይማኖቷ የሚታረድ በግ ጠምቶት ካራ ሥር አይቀርብም፤ ውሃ ይጠጣል። ጣይባ ደግሞ ከውሃው አልፋ ሣር ታስነጨዋለች፣ ሰው ካላያት ዱቄትም ታልሰዋለች። አራጁ ካራውን ስሎ ቆሞ፣ እሷ በጉን እየደባበሰች «ብላ፣ ብላ የኔ ጌታ» ስትል ስንቴ አይቻታለሁ። ወላሂ ሕዝብ ጠግቦ በተነሣበት ድግስ ላይ እንኳ «አልበላችሁልኝም» ብላ የምታለቅስ ሴት ናት።

የማገዶ ጭስ ዓይኗን እያጠፋው ሲመጣ ሐኪሙ ጭስ አጠገብ እንዳትደርስ አዘዛት። ባሏ ዓብደላ ካረፈ ወዲህ የምትኖረው በእጇ ሙያ ነበርና ያ ሰሞን ሰማይ የተደፋባት መሰላት። ታዲያ ከከተማው ዳር ያለ አንድ የምርምር ቤት ምግብ የሚያዘጋጅ ሰው ይፈልጋል ሲባል ሰምታ ሄደች። የሠራተኞች ምሳ መስሏት ነበር። የተቀበሏት ቁመታቸው ረጅም፣ ንግግራቸው አጭር የሆነ ዶክተር ዑዘይር የሚባሉ ሰው ነበሩ።

«ለሰው አይደለም፤ ለፈንገስ ነው» አሏት።

«ይበላል?» ብላ ጠየቀች።

«ይበላል።»

«እንግዲያውስ ይቻላል» አለችና ተቀጠረች።

ሥራው እንዲህ ነው። ዳቦ ላይ የሚወጣውም ሻጋታ፣ ልጆች ራስ ላይ የሚወጣውም ቆረቆር ፈንገስ ነው። ፈንገስን ለማጥናት ደግሞ የሚበቅልበት ማዕድ ያስፈልጋል። አጋር የሚባል ከባሕር አረም የሚወጣ ዱቄት ከውሃ፣ ከስኳርና ከአንዳንድ ጨዋጨው ጋር በታፈነ እንፋሎት ይበስላል፤ ከዚያ ክዳን ባለው ጠፍጣፋ ሳህን ላይ ፈስሶ ሲቀዘቅዝ ይረጋል። ለተማሪዎች መለማመጃ ሲሆን ፔፕቶን የሚሉት ከሥጋ የተዘጋጀ ዱቄት ይገባበታል። ጣይባ ፔፕቶንን «መረቁ» ብላ ስም አወጣችለት። መረቁ ያለበት ሳህን ላይ ሻጋታው ተንዠርግጎ ይወጣል፣ እሷም እየዞረች ማሻአላህ ትለዋለች። ማገዶ የለ፣ ጭስ የለ፣ ወጡ ቀጠነ ባይ የለ። ዓይኗ ተመለሰላት፣ ፊቷም ወዛ። ውሏ በየዓመቱ የሚታደስ ስለሆነ ብቻ በየዓመቱ አንድ ሰሞን ትሰጋ ነበር።

ከዚያ ሊድያ መጣች። ሊድያ የኮምቦልቻ ልጅ ናት፣ የፋብሪካ ጡረተኛው የካሳዬ ልጅ። ቤተሰቡ ጴንጤ ነው፤ እሷም ሥራ ላይ ሆና መዝሙር አይለያትም። ጣይባ ደግሞ እያበሰለች መንዙማ ታንጎራጉራለች። ሁለቱ አንድ ክፍል ውስጥ ሲገናኙ ዶክተር ዑዘይር የቢሯቸውን በር ይዘጉ ነበር አሉ። ልጅቷ ትምህርቷን የጨረሰችው በሻጋታ ላይ ነው፤ ለዚህም ምክንያት የሆኗት አባቷ ናቸው። አቶ ካሳዬ በወጣትነታቸው የሳንባ ነቀርሳ ታመው ድነዋል፤ ግን ሳንባቸው ላይ ጎድጓዳ ጠባሳ ቀረ፣ እዚያ ጎድጓዳ ውስጥ ሻጋታ ገብቶ ጎጆ ወጣ። መድኃኒት ሲወስዱ ሻጋታው ጋብ ይላል፣ ጉበታቸው ይታመማል። ሲያቆሙት ጉበታቸው ይሻለዋል፣ ሻጋታው ይነሣል።

«እትዬ ጣይባ» አለቻት ሊድያ አንድ ቀን፣ «ፈንገስ ከተክል ይልቅ ለእኛ የቀረበ ዘመድ እንደሆነ ያውቃሉ?»

«አንቺ ልጅ! ከሻጋታ ጋር አታዛምጂኝ።»

«እውነቴን እኮ ነው። መድኃኒቱ የቸገረን ለዚህ ነው። እሱን የሚመታው ነገር እኛንም ይነካል። የአባቴን ጉበት የጎዳው እሱ ነው።»

«የዘመድ ጥል የሥጋ ትል» አለች ጣይባ።

«አንድ የምንለያይበት ነገር ግን አለ። ሰውነት የሚገነባባቸው አሚኖ አሲድ የሚባሉ ነገሮች አሉ። ከእነሱ መካከል ለምሳሌ ላይሲንን እኛ መሥራት አንችልም፤ ከሥጋው፣ ከወተቱ፣ ከምስሩ ነው የምናገኘው። ሻጋታው ግን በራሱ ጓዳ ይሠራዋል።»

«እኛ ሆቴል ተመጋቢ፣ እሱ ባለ ወጥ ቤት ነው በይኛ!»

«እንደሱ! የእሱን ወጥ ቤት የሚሰብር ነገር ካገኘሁ እሱ በረሃብ ይሞታል። እኛ ደግሞ የሚሰበር ወጥ ቤት ስለሌለን ምንም አንሆንም።»

ጣይባ ይህን ስትነግረኝ ያን ቀን የሰፋሁት ቀሚስ እጅጌው ተገልብጦ ቀረ፤ እንዲህ ያለ ተንኮል ሰምቼ አላውቅማ። ሊድያ ደሴ ዙሪያ ካለ የሽንኩርት ማሳ አፈር ወስዳ፣ ከአፈሩ አንድ ባክቴሪያ አግኝታ፣ ባክቴሪያው የሚያመነጨውን ነገር አጣርታ አውጥታለች። ወጥ ቤት ሰባሪው እሱ ሳይሆን አይቀርም ብላ ተስፋ አደረገች። ለማረጋገጥ ግን ሳህኑ ባዶውን መሆን አለበት። ውሃ፣ ስኳር፣ ጨዋጨው፣ በቃ። አሚኖ አሲድ ከውጭ ካገኘ ሻጋታው የራሱን ወጥ ቤት አያስፈልገውምና መድኃኒቱ መሥራት አለመሥራቱ አይታወቅም። ይህን ሁሉ ለጣይባ አስረድታታለች። ጣይባም እሺ ብላለች። ወጥ ሠሪ እሺ ስትል የሚያምን ሰው ግን ድግስ ደግሶ የማያውቅ ሰው ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሳህኖች ላይ፣ ገና መድኃኒት ሳይፈስባቸው፣ ሻጋታው ስስና ከሲታ ሆኖ ወጣ። ሊድያ እንዲህ ነው የሚጠበቀው ብላ አለፈች። ጣይባ ግን ሳህኑን ስታየው በሙያዋ አፈረች። ከእጇ የበላ ሁሉ ወፍሮ እንጂ ከስቶ አያውቅም። ደግሞስ ይህ ፍጡር ሊገደል አይደል የተዘጋጀው? ነገ መድኃኒት ሊፈስበት፣ ዛሬ በባዶ ሆዱ? በሚቀጥለው ጊዜ ስታበስል ግራ ቀኝ አየችና ከፔፕቶኑ ቆንጠር አድርጋ ጣል አደረገችበት። «የሚታረድ እንኳ ይጠጣል» አለች ለራሷ። ቢስሚላህ ብላ ድስቱን ከደነች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ገምቱት። መድኃኒቱ ፈሰሰ፣ ሻጋታው በቀለ። መድኃኒቱ በዛ፣ ሻጋታው በቀለ። ሊድያ አፈር ቀየረች፣ ማጣሪያ ቀየረች፣ ጸጉሯንም ቆረጠች፤ ሻጋታው ደልቶት ይበቅላል። ጣይባ ልጅቷ ስትከፋ ባየች ቁጥር ሆዷ ይባባል። ሆዷ ሲባባ ደግሞ የምታውቀው ነገር አንድ ነው፤ መቆንጠሯ ትንሽ ይሰፋል። ለአላህ ብዬ እመሰክራለሁ፣ ተንኮል የለባትም። ልጅቷ የምትናገረውን ሰምታለች፤ ግን እሷ ወጥ ቤት ሲባል የሚታያት ትልቅ ድስት ነው፣ ቁንጥር ምግብ ምን ያህል ነገር እንደሚለውጥ አልታያትም።

ኅዳር ላይ ዶክተር ዑዘይር ሁለቱንም ጠሩ። ረመዳን እስኪገባ ውጤት ካልታየ ክፍሉ ለሌላ ሥራ እንደሚሰጥና ከክፍሉ ጋር የጣይባም ውል እንደሚያበቃ ነገሯቸው። ሲናገሩ ፊታቸው ላይ ደስታ አልነበረም፤ ከበላያቸው የመጣ ትእዛዝ ነበር። ያን ቀን ጣይባ ወደ እኔ መጥታ ከስፌት መኪናዬ አጠገብ ተቀመጠች። ወደ ጭስ መመለስ ማለት ዓይኗን መስጠት መሆኑን እሷም እኔም እናውቃለን።

ጥር ላይ የእህቷ ልጅ ኢንሻራህ ኩታበር ከተማ ልታገባ ሆነ። ጭስ አጠገብ ሳትደርስ እያዘዘች ታሠራለች በሚል ስምምነት ጣይባ ተጠርታ ሄደች። ሊድያም በሌለችበት የራሷን ሳህን ራሷ አበሰለች። በሠርጉ ዋዜማ ቀን፣ ሴቱ ሁሉ ሽንኩርት እየከተፈ ሳለ የጣይባ ስልክ ጮኸ። እጇ በቅቤ ስለራሰ ድምፁን ለሁሉም እንዲሰማ አድርጋ አስቀመጠችው።

«እትዬ ጣይባ! ሞተ! ሞተልን!»

ቢላዋ ሁሉ ቆመ። አንዷ አክስት ገና ማን እንደሆነ ሳትሰማ ደረቷን መምታት ጀመረች።

«ማን ነው የሞተው?» አለች ጣይባ።

«ሻጋታው! አንድም አልበቀለም! ሳህኑ እንደ መስታወት ጥርት ብሏል!»

«አልሐምዱሊላህ!» ብላ ጣይባ እልልታውን አቀለጠችው። ደረቷን ስትመታ የነበረችው አክስት ሰው ሲሞት እልል የምትል ሴት አይታ አታውቅምና እስከ ዛሬ ጣይባን በጎሪጥ ነው የምታያት። ሙሽራዋ ኢንሻራህ ግን ነገሩ ሲገባት ሂናዋን ይዛ ተነሥታ ጨፈረች። በሰው ሠርግ ዋዜማ ሻጋታ ሞተ ተብሎ የተጨፈረው ያኔ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ጣይባ በደስታ ተመለሰች፤ በደስታ አዲስ ሳህን አበሰለች። እጇም እንደ ለመደው ወደ መረቁ ሄደ። ሊድያ ውጤቱን ለመድገም መድኃኒቱን አፈሰሰች። ሻጋታው በቀለ፣ ያውም ለምለም ሆኖ።

ዶክተር ዑዘይር ሳህኑን ብርሃን ላይ ይዘው አዩና «ሊድያ፣ አንድ ጊዜ ብቻ የሆነ ነገር እንዳልሆነ ነው የሚቆጠረው» አሏት። ሊድያ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ጮክ ብላ ማሰብ ጀመረች። ያው ሻጋታ፣ ያው መድኃኒት፣ ያው ውሃ። የተለየው ምንድን ነው? «የተለየው ያኔ ያበሰልኩት እኔ መሆኔ ብቻ ነው» አለች በመጨረሻ። «እኔ ነኝ አንድ ነገር ያበላሸሁት፤ እርስዎማ አይሳሳቱም፣ እትዬ ጣይባ። በቃ፣ ኮምቦልቻ ወርጄ እናቴ ጋ ልረፍ።»

ጣይባ በእጇ የያዘችውን ሳህን አስቀመጠች። አሁን ገባት።

በማግስቱ ከእኔ በር ላይ ቆማ «ነጠላሽን ልበሽ፣ ኮምቦልቻ እንወርዳለን» አለችኝ። ሚኒባሱ የሐረጎን ጠመዝማዛ ሲይዝ ነው ምክንያቱን የተነፈሰችው። ሁሉንም ነገረችኝ፤ ቁንጥሩን፣ በጉን፣ ውሃውን።

«ብናገር እባረራለሁ» አለች በመስኮቱ እያየች። «ብተወው ልጅቷ ራሷን ስትረግም ትኖራለች። ያረቢ፣ የኔነሽ፣ ይህቺ ቁንጥር ምን አመጣችብኝ?»

«ታዲያ ምን ወስነሽ ነው የምንወርደው?»

«አልወሰንኩም። ሚኒባስ ውስጥ ነው የገባሁት እንጂ።»

መንገዱ ቁልቁል እየወረደ ሙቀቱ ሲጨምር ሻሽዋን ፈታ፣ መልሳ አሰረች፣ ደግማ ፈታች።

የሊድያ እናት ወይዘሮ ተናኘ እንደምንመጣ ከጣይባ ስልክ ሰምተው ጠብቀውናል። ቤቱ አቶ ካሳዬ በሚያሳድጓቸው አበቦች የተከበበ ነው። ሰውየው ከወንበራቸው ሳይነሡ እየሳሉም እየሳቁም «የሻጋታዬ ወጥ ሠሪ መጣች!» ብለው ተቀበሉን። ሊድያ ዓይኗ አብጧል። ማዕድ ቀረበ። ለእኔ ለክርስቲያኗ አንድ ወጥ፣ ለጣይባ ሌላ ወጥ፣ በሌላ ድስት፣ ከእጀታው ላይ ቁራጭ ጨርቅ የታሰረበት።

«አይስጉ፣ እትዬ ጣይባ» አሉ ወይዘሮ ተናኘ። «ዶሮዋን ያሳረደችው ጎረቤቴ ኡሙሰልማ ናት፤ የሠራችውም በራሷ ድስት፣ በራሷ ጭልፋ ነው። እኔ ክዳኑን እንኳ አልነካሁም። ቢስሚላህ ብለው ይብሉ።»

ጣይባ እጇን ወደ ማዕዱ ዘርግታ መሃል ላይ ቆመች። ድስቱን አየችው፤ ጨርቁን አየችው። ከዚያ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«ምነው? ምን አጠፋን?» አሉ ወይዘሮ ተናኘ ደንግጠው።

«እናንተማ ምን ታጠፋላችሁ» አለች ጣይባ። «እናንተ ድስቴን ጠበቃችሁልኝ። እኔ ነኝ የልጃችሁን ድስት የቀላቀልኩት። ሊድያ፣ አፉ በይኝ ልጄ። መረቁን ጨምሬበታለሁ።»

ሊድያ ቀና አለች። «ምን አሉኝ?»

«ፔፕቶኑን። ቆንጠር እያደረግሁ። ሊታረድ ነው ብዬ አዘንኩለት፤ የሚታረድ በባዶ ሆዱ አይሄድም ብዬ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሁለተኛው ድስት ጀምሮ።»

«ኩታበር የሄዱ ጊዜስ?»

«ያኔማ የት ነበርኩና!»

የአቶ ካሳዬ ትንፋሽ ሲሰነጠቅ ይሰማል። ሊድያ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ የምትረግም መስሎኝ ነበር። ድንገት ከሶፋው ላይ ዘላ ተነሥታ የጣይባን ጉንጭ ግራ ቀኝ ሳመች፣ ከዚያ እናቷን ሳመች፣ ከዚያ እኔን ሳመች። ያወቀችኝ እንኳ ዛሬ ነው።

«ሲበላ ዳነ! ሳይበላ ሞተ! አልገባችሁም?» እያለች በክፍሉ ትዞራለች። «ተራ መርዝ ቢሆን ኖሮ ምግብ አያድነውም ነበር። የጠገበም የተራበም እኩል ይሞት ነበር። ምግብ ያዳነው መድኃኒቱ የሚሰብረው ወጥ ቤቱን ብቻ ስለሆነ ነው! እኔ ይህን ለማሳየት ገና ሌላ ሙከራ ላስብ ነበር፤ እትዬ ጣይባ ሳያውቁ ሠርተውልኛል!»

«ሳይደግስ አይጣላም ማለት ይኸው ነው» አሉ አቶ ካሳዬ፣ ሳቃቸው ወደ ሳል ተለውጦ ሚስታቸው ጀርባቸውን እስኪመቷቸው ድረስ። ጣይባ ግን አልሳቀችም። ልጅቷን እጇን ይዛ አስቀመጠቻት።

«ደስታሽ ደስታዬ ነው። ግን ጥፋቱ ጥፋት ነው። ለዶክተሩም እኔው ራሴ እነግራቸዋለሁ፤ አንቺ እንዳትሸፍኚኝ።»

«እሺ» አለች ሊድያ ረጋ ብላ። «አንድ ነገር ግን ልንገርዎት። ያ ባዶ የሚሉት ሳህን እኮ አብዛኛው ውሃ ነው። እኔ በጥም አልገድለውም።»

ጣይባ ይህን ሰምታ እንባዋን ጠረገች። ከዚያ ቢስሚላህ አለችና ዶሮዋን በላች፤ ኡሙሰልማም ተጠርታ መጥታ አብራ ተቀመጠች።

ሰኞ ማለዳ ዶክተር ዑዘይር ፊት ቆማ ተናገረች። ሰውየው አልጮኹም፤ ቢጮኹ ይሻላት ነበር አለች። «እትዬ ጣይባ፣ ይህ ከባድ ጥፋት ነው» አሏት። «ነው» አለች። «ስንት ወር እንደባከነ ያውቃሉ?» «አውቃለሁ።» ወዲያው ዱቄቶቹ ሁሉ ቁም ሣጥን ውስጥ ገብተው እንዲቆለፍባቸው አዘዙ። ስለ ውሏ ምንም አላሉም። ሊድያን ግን ጠርተው ሌላ ጥያቄ ጠየቋት። ሻጋታውን ያዳነው ከፔፕቶኑ ውስጥ የትኛው ነገር ነው? ፔፕቶን ውስጥ የአሚኖ አሲድ ዓይነት ሁሉ አለ። የተሰበረው የላይሲን ጓዳ ነው ካልሽ አሳዪኝ አሉ።

ያኔ ነው ጣይባ ሦስት ዓይነት ክር ፍለጋ ወደ እኔ የመጣችው። ነጭ፣ ቀይና አረንጓዴ ቆርጬ ሰጠኋት። አንዱ ድስት ባዶውን፣ አንዱ ላይሲን ብቻ፣ አንዱ ሌላ አሚኖ አሲድ ብቻ። ለእያንዳንዱ የራሱ ማንኪያ፣ የራሱ ክዳን። የትኛው ክር የየትኛው ድስት እንደሆነ ከእሷ በቀር ለማንም እንዳይነገር ያሉት ዶክተር ዑዘይር ራሳቸው ናቸው፤ ሳህኑን የሚያነበው ሰው አስቀድሞ ካወቀ ዓይኑ የፈለገውን ያያል ብለው። የሁሉም ተስፋ አንድ ጊዜ ድስት ቀላቅላ በተገኘች ሴት ቃል ላይ ተንጠለጠለ። ጣይባ ያን ሥራ ስትሠራ መንዙማም አላንጎራጎረች። ፔፕቶኑ ተቆልፎበታል፤ ባይቆለፍበትም እጇን ወደዚያ አታነሣም ነበር።

የንባቡ ቀን፣ ረመዳን ሊገባ ጥቂት ሲቀረው፣ ደሴ ከጦሳ ተራራ በወረደ ጉም ተሸፍና ነበር። እኔ የተሰፋ ጋዋን ለማድረስ በሚል ሰበብ ተገኝቻለሁ፤ ጋዋኑን ማንም አላዘዘኝም። መድኃኒት ያልነካው ሻጋታ በሦስቱም ዓይነት ሳህን ላይ በቅሏል፤ ምግቡ ደህና ነው ማለት ነው። ከዚያ መድኃኒት ያለባቸውን አነሡ።

«ቀይ» አሉ ዶክተር ዑዘይር። «ምንም የለም።» ሌላውን አነሡ። «አረንጓዴ፣ ምንም የለም።» ሊድያ ክንዴን ጨምድዳ ይዛለች። ሦስተኛውን ወደ ብርሃኑ አስጠጉት። ለምለም ሻጋታ ጠርዝ እስከ ጠርዝ ሞልቶታል።

«ነጭ። በቅሏል። እትዬ ጣይባ፣ ነጩ ድስት ውስጥ ምን ነበር?»

«ላይሲን» አለች ጣይባ። «ወላሂ፣ ከላይሲን በቀር ምንም።»

ዶክተር ዑዘይር፣ ያ ንግግራቸው አጭር የሆነው ሰውዬ፣ ከዚያ በኋላ የተናገሩትን እኔ ብጽፈው የዛሬው ወረቀት አይበቃም። ክፍሉ ለሊድያ ተተወላት፤ የጣይባም ውል ታደሰ። መድኃኒት ተገኘ ብዬ ግን አልዋሽም። ሊድያ ራሷ የምትለው ገና ነው። በሰው ደም ውስጥም ላይሲን አለ፤ ሻጋታው እዚያ ገብቶ የሰውን ማዕድ እየዘረፈ ይኖር እንደሆነ ገና ይፈተሻል፤ ጉበትም ይታያል፣ ዓመታት ይወስዳል። አቶ ካሳዬም ይህን ያውቃሉ። «የእኔ ሻጋታ ይጠብቃችኋል፣ ጠግቦ ነው ያለው» ብለው ላኩባቸው።

የቁም ሣጥኑ ቁልፍ የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። ዶክተሩ ኃላፊዋ ትያዘው ብለው ለሊድያ ሰጧት። እሷም ሁሉም ባለበት ቁልፉን ወስዳ ጣይባ መዳፍ ላይ አስቀመጠችው።

«አንቺ ልጅ፣ ደህና ነሽ?» አለች ጣይባ። «የተቆለፈው ከእኔ አይደል እንዴ?»

«አምኖኝ የተቀመጠን ሰው ሆድ አልሰርቅም ያሉት እርስዎ አይደሉም?» አለቻት ሊድያ። ያን ታሪክ የነገርኳት እኔ ነኝ፤ አንድ ቀን ይጠቅማል ብዬ። ጣይባ ቁልፉን በሻሽዋ ጫፍ ቋጠረችው፣ ቋጠሮውንም ሁለቴ አጠበቀችው።

ዛሬ ጠዋት በደጄ ስታልፍ አየኋትና እንደ ልማዴ ነካካኋት። «ጣይባ፣ ለዛሬው ሟች ምን ደግሰሽለታል?»

ቆማ ቋጠሮዋን ዳበሰች። ከዚያ ያን የድሮ የሠርግ ሳቋን ሳቀችልኝ።

«ውሃ ይጠጣል» አለች። «በቃው።»